ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ

ጥቅምት 3

ይድረስ ለፈታቹ ወንድሜ፤

እንዴት ነህ? እንቅልፍ ይበቃሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።

ጥያቄህን በተርታ ልመልስልህ፣ አለዚያ እንደ ልማድህ በሌላ ደብዳቤ ትነዘንዘኛለህ። አዎ፣ የወደቅሁት ከመሰላል ላይ ነው። አዎ፣ መሬቱን የመታሁት መዳፌን ዘርግቼ ነው። አዎ፣ ቀኝ እጄ ነው። ከላይኛው መደርደሪያ ቡናማውን ቆዳ ላውርድ ስል መሰላሉ ከዳኝ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ ለኔ የተተረተ ነው። አለቃዬ መጀመሪያ ቆዳው መቀደድ አለመቀደዱን አየ፣ ከዚያ እኔን አነሣኝ። ቅር እንዳይልህ። ዕድሜ ልኩን መጽሐፍ ሲጠርዝ የኖረ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቆዳው ነው።

ራጁን አብሬ ልኬልሃለሁ። እዚህ ያለው ሐኪም ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየና «ስብራት አይታየኝም» አለ። ወንድሜ የአጥንት ሐኪም ነው ስለው «እንግዲያው እሱ ይየው» ብሎ ተገላገለኝ።

ተጫኚው ያልከኝንም ቦታ ተጭኜዋለሁ። አውራ ጣቴን ቀስሬ፣ ከሥሩ የምትጎደጉደዋን ስፍራ በሌላው እጄ ጫን አደረግሁ። ምንም የለም። ትንሽ እብጠት አለ፤ እሱም እየጎደለ ነው። ስለዚህ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ የምትለውን ነገር ተወው።

ሥራ በዝቶብናል። አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት መቶ መዝገብ እንድንጠርዝለት አዞ ጠረጴዛዬ በክር፣ በወስፌና በሙጫ ተሞልታለች። ከመስኮቱ ሥር ያለችውን ጠረጴዛ ነው የምልህ። እሷን ለማግኘት አሥራ አንድ ዓመት ከበሩ አጠገብ እንደተቀመጥሁ ታውቃለህ።

በልጅነትህ የደወል ሰዓቴን ፈታተህ መልሰህ ስትገጥም ሁለት ብሎን እንደተረፈህ ዛሬ ለሥራ ባልደረቦቼ ነግሬ ስንስቅ ዋልን። ሰዓቷ እንደቆመች ናት። ብሎኖቹንም አስቀምጬልሃለሁ።

እህትህ


ጥቅምት 19

እታለም፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍም ይበቃኛል። የኋለኛው ውሸት ነው፣ ግን አንቺ ሲዋሹሽ ደስ ይልሻል።

ራጁን አይቼዋለሁ። ስብራት የለም፤ ወለምታ ነው። በፋሻ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው፣ ለሦስት ሳምንት ከባድ ነገር አታንሺ። ያንን ቦታ ተጫኚ ያልኩሽ በከንቱ አይደለም። ከአውራ ጣት ሥር፣ አንጓው ውስጥ፣ ባቄላ የምትመስል አጥንት አለች። ስትሰበር በመጀመሪያው ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አትታይም። ደሟ የሚመጣላት በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ካልታሰረች ግማሿ ይሞታል። ለተማሪዎቼ «ራጁን ሳይሆን ጉድጓዷን እመኑ፤ ሲጫኑት ካመመው ጄሶ አድርጉና በሁለት ሳምንት ራጁን ድገሙ» እያልኩ አስተምራለሁ። አንቺ ግን ተጭነሽ አላመመሽም። ስለዚህ መድገም አያስፈልግም።

ስለ ሥራዬ ልንገርሽ፣ አዛውንቱ አለቃችን ባለፉት አምስት ዓመታት በእጅ አንጓና በጉልበት ላይ የሠራናቸውን ቀዶ ጥገናዎች ሁሉ እንድገመግም አዘውኛል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ነው። አብዛኞቹን የቀደድኳቸው እኔ ነኝ። ለእያንዳንዳቸው አሥር ጥያቄ ያለበት ቅጽ በፖስታ እንልካለን። ቁልፍ ማዞር ይችላሉ? ደረጃ ይወርዳሉ? ወደ ሥራዎ ተመልሰዋል? በአጠቃላይ እንዴት ነዎት? የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ቴምብር ስትለጥፍ ምላሴ ተላጠ እያለች ትረግመኛለች።

እስካሁን ዘጠና መልስ መጥቷል። ሰማንያ አንዱ «በጣም ጥሩ» ነው። አለቃዬ ቁጥሩን አዩና «እንዲህ ያማረ ነገር ያስፈራኛል» አሉኝ። ሽማግሌ ሰው ደስታም ያስፈራዋል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 11

ይድረስ ለፈታቹ፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ፤ እጄም ደህና ነው።

ስለዘገየሁ ይቅርታ። በኋለኛው ደብዳቤህ ተቀይመሽኝ ነው ወይ ማለትህ አሳቀኝ፤ አንተን ተቀይሜ የት ልደርስ? ሥራ ነው። ደብዳቤዬም ያጠረው በሥራ ነው። ጽሑፍሽ ምን ነካው ላልከው ጥፋቱ የአዲሱ ብዕር ነው፣ ቀለም ይተፋል። ርካሽ ነገር ስገዛ መቼም አልማርም።

ፋሻውን ከፈታሁት ቆየሁ። ሁለተኛ ራጅ አልተነሣሁም፤ አንተው አያስፈልግም ብለህ የለ? መዝገቦቹንም አስረክበናል። ስፌቱን አሁን ለአዲሷ ሠራተኛ ትቼላታለሁ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ዓይኔን እያደከመው ነው፤ ዕድሜ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል። እኔ ወረቀት አጥፋለሁ፣ ቁጥር እለጥፋለሁ።

ሰው ሁሉ ድኛለሁ ብሎ ስለጻፈልህ ደስ ብሎኛል። እኔ ከመሰላል ብወድቅም የወንድሜ በሽተኞች ድነዋል ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ደህና አይደለሁም ብሎ የጻፈልህ ሰው አለ? ምን ብሎ ነው የጻፈው? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

እህትህ


ጥር 8

እታለም፤

እንዴት ነሽ ብዬ አልጀምርም። ምክንያቱን ስታነቢ ታገኚዋለሽ።

ደህና አይደለሁም ያለ ሰው አለ ወይ ላልሽኝ፣ አራት አሉ። አራቱም ይቅርታ ጠይቀው ነው የጻፉት። አንዱ «ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔው አጥንት ይሆናል» ብሏል።

አሁን ደግሞ የሆነውን ልንገርሽ። የሆስፒታላችንን ዘበኛ ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበታቸውን ቀድጄ የተበጠሰውን ጅማት ሠርቼላቸው ነበር። በቅጹ ላይ «በጣም ጥሩ» ብለው ሞልተዋል። ባለፈው ማክሰኞ የኋላውን ደረጃ ስወጣ እሳቸው ከላይ ሲወርዱ አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዙረው፣ ብረቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወደ ኋላ እየሄዱ ነው የሚወርዱት። እኔን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙና ሰላምታ ሰጡኝ።

«አባባ፣ ምነው? በጣም ጥሩ ነኝ ብለው ሞልተውልኝ የለም እንዴ?»

«ሞልቻለሁ ዶክተር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ቀድደው ሰፍተው ደክመውልኝ አልዳንኩም ብዬ ላሳፍርዎት? ደግሞ ወረቀቱ እንዴት ነዎት ብሎ ነው የጠየቀኝ። እንዴት ነህ ሲባል ሰው ምን ይላል? ደህና ነኝ ነዋ የሚባለው።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። እሳቸውም እንደኔ ሊቀመጡ ሞከሩ፣ ጉልበታቸው አልታጠፍም አላቸው። እታለም፣ አፈርኩ። ለካ ለሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው የላክሁት ቅጽ የሰበሰበልኝ ይሉኝታ ነው።

ቢሮዬ ገብቼ ያንቺን ደብዳቤዎች ጠረጴዛ ላይ በተርታ ደረደርኳቸው። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፤ የጽሑፍሽን አጣጣል ከፊትሽ እኩል አውቀዋለሁ። የጥቅምቱም የታኅሣሡም ፊደላት እንደ ጀማሪ ተማሪ ፊደል ገዝፈዋል፣ ወደ ጎን ተጋድመዋል። ቀለሙ ደግሞ በየመስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ተጠርጓል። የሚተፋ ብዕር እንደዚያ አያደርግም። እንደዚያ የሚያደርገው በግራ እጅ ሲጻፍ ያልደረቀውን ቀለም እየጠረገ የሚከተል መዳፍ ነው። የሰው አጥንት ከጥቁር ፊልም ላይ የማነብ ሰውዬ ይህን ለማንበብ ሦስት ወር ፈጀብኝ።

በየትኛው እጅሽ ነው የምትጽፊው? ያን ዕለት ያቺን ጉድጓድ ስትጫኛት ምን ሆንሽ? ደህና ነኝ ብለሽ እንዳትመልሺልኝ፤ ዛሬ ራጅ ተነሺና ላኪልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 21

ወንድሜ፤

ራጁ ከውስጥ አለልህ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

ያን ዕለት ስጫናት ሚስማር የገባብኝ ያህል ነው የጮኽኩት። ጎረቤቴ ግድግዳውን መታችብኝ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ምንም የለም ብዬ ጻፍኩልህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን እንዳትተርትብኝ፤ ለራሴ ስተርተው ከርሜያለሁ።

ለምን ካልክ ሦስት ነገር ነው፤ የትኛው እንደሚበልጥ እኔም አላውቅም። ጄሶ ቢደረግልኝ ለሁለት ወር ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል፣ አንዴ ከተነሣሁ ደግሞ እንደማልመለስባት አውቃለሁ። አንተ ደግሞ እውነቱን ብትሰማ ሁሉን ጥለህ ትመጣለህ፤ አለቃህ በዚያ ሥራ ላይ ያመኑህ ስንት ዓመት ጠብቀህ ነው? ሦስተኛው ልማድ ነው። እናታችን ስትሞት አንተ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር፤ ከዚያ ጀምሮ ማታ ማታ «እታለም ደህና ነሽ?» ትለኝ ነበር። ደህና ነኝ ካላልኩህ አትተኛም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ መልስ አልተማርኩም።

አሁን መርፌ አይያዝልኝም። ወስፌ ስገፋ አንጓዬ ውስጥ ነገር ይንቋቋል። ሌላ ሥራ አላውቅም። ይህን እጅ መልስልኝ፣ ሌላ የምለምንህ ነገር የለም።

እመጣለሁ ብለህ አትድከም፣ እኔ እመጣለሁ። አለቃህ የዘመድ ሥጋ አይቀደድም እንደሚሉ ድሮ ጽፈህልኝ ነበር። ልክ ይሆናሉ። ግን ሌላ ሰው እንዲነካኝ አልፈልግም። ፈታተህ ሁሉን መልሰህ መግጠም ተምረህ ከሆነ እናያለን።

እህትህ


ሚያዝያ 14

እታለም፤

በሰላም ገብተሻል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ እራት ላይ ብዙ ባለማውራቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አኩርፌ አልነበረም፣ ደክሞኝ ነው።

እጅሽ ውስጥ ምን ተደረገ ብለው ለሚጠይቁሽ ይህን በያቸው። ከዳሌዬ ቁራጭ አጥንት ተወስዶ ከተሰበረችው መሀል ገባ፣ በቀጭን ብሎን ተያዘ። የሠራሁልሽ ቀዶ ጥገና ጥሩ ሄዷል። ጄሶው በሰኔ መጀመሪያ ይፈታል፤ ከዚያ በፊት ማንም እንዳይነካው።

ስትሄጂ ቅጾቹን ምን አደረግሃቸው ላልሽኝ፣ ሁሉንም ጥያለሁ። እንደገና ጀምሬያለሁ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ አሁን ቴምብር አትለጥፍም። ሻንጣ ይዛ እየዞረች ነው፣ ሻንጣው ውስጥ የተቆለፈ ጓጉንቸር ከነቁልፉና ክዳኑ የጠበቀ ማሰሮ አለ። እንዴት ነዎት ብላ አትጠይቅም። «እስቲ ይህን ይክፈቱልኝ» ነው የምትለው። ጉልበት ለተሠሩት ደግሞ በደረጃ አብረን እንውረድ ትላቸዋለች። ከወር በላይ ዞራለች። «በጣም ጥሩ» ካሉት ግማሽ ያህሉ ማሰሮውን ሳይከፍቱት መልሰው ሰጥተዋታል። እሷ ግን አመሏ ተሻሽሏል፤ ሰው እየሳቀ እውነቱን ሲነግራት ይውላል።

አንቺ ሩቅ ስለሆንሽ አንድ ቅጽ አብሬ ልኬልሻለሁ። ቁጥርሽ ሁለት መቶ አሥራ አምስት ነው፣ መጨረሻዋ። ጄሶው ተፈትቶ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ሙይልኝ። እንደ እህት አትመልሺልኝ፣ እንደ በሽተኛ መልሺልኝ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 20

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።

ጄሶው በተባለው ቀን ተፈትቷል። እጄ ቀጥኗል፣ ግን ይመለሳል ይላሉ። ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ። ራጁን እልክልሃለሁ፣ ካርቶን አጥቼ ነው፤ እንዲሁ ብልከው ይታጠፋል። ቅጹም ከመጽሐፍ መጭመቂያው ሥር ገብቶ ነው ያልላክሁልህ፣ ሳገኘው እልካለሁ። ባልደረቦቼ ሰላም ብለውሃል። አዲሷ ሠራተኛ ጎበዝ ሆናለች።

አንተ ዝም ብለህ ሥራህን ጨርስ። ስለኔ አታስብ።

እህትህ


ነሐሴ 2

እታለም፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ቀለሙ አሁንም ተጠርጓል። መጽሐፍ ጠራዥ ቤት ውስጥ ካርቶን ጠፋ ስትዪኝ ደግሞ ምን ልበልሽ?

ግምገማውን በዚህ ወር መጨረሻ በክፍሉ ሐኪሞች ፊት አነብባለሁ። ሁለት መቶ አሥራ አራቱ ተሞልቷል። ያንቺ መስመር ባዶ ነው። አለቃዬ «እህትህ ናት፣ አውጣት፤ ማንም አይጠይቅህም» አሉኝ። አላወጣም። ደህና ብዬም አልሞላውም።

እውነቱን ንገሪኝ ስል እኔ ራሴ ያልነገርኩሽ አለ። እራት ላይ ዝም ያልኩት ደክሞኝ አይደለም። ስከፍተው ግማሿ አጥንት ነጭ ነበረች። ብነካካት ደም የላትም። አለቃዬ እያቅማሙም ቢሆን ፈቅደውልኝ አጠገቤ ቆመው ነበር። «ይቺ አትገጥምም፣ ሞታለች» አሉኝ። «አውጣትና አንጓው በቀሩት ላይ ይረፍ። እጇ ሙሉ አይሆንም፣ ኃይሉም ይቀንሳል፣ ግን አያማትም፤ መርፌም ትይዛለች» አሉ። ሌላ ሰው ብትሆኚ እሺ እላቸው ነበር። ላንቺ ግን ግማሽ እጅ መስጠት አቃተኝ። መልስልኝ ብለሽኝ ነበርና ሁሉንም ልመልስልሽ ፈለግሁ። ከዳሌሽ አጥንት ወስጄ፣ የሞተችውን በብሎን ያዝኳትና ሰፋሁ። ከዚያ ጥሩ ሄዷል ብዬ ጻፍኩልሽ። ሳይቃጠል በቅጠል እያልኩ ተማሪ ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ።

አሁን አንቺ ተናገሪ።

ወንድምሽ


ነሐሴ 16

ወንድሜ፤

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድሁ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ከመጭመቂያው ሥር ቅጹን አወጣሁት። እዚያው ነበር፣ ጠፍቶ አያውቅም። ራጁም በካርቶን ተጠቅልሎ አብሮ መጥቶልሃል። እዚህ ያለው ሐኪም ብርሃን ላይ ሰቅሎ «አልገጠመም፣ ብሎኑም ላልቷል» አለኝ። የደወል ሰዓቷ ትዝ አለችኝ። ልስቅ ነበር፣ ሳቁ አልመጣም። ስለ ጉልበት የሚጠይቁትን ሁለቱን ትቻለሁ፣ የቀሩት እነሆ።

ቁልፍ ማዞር ይችላሉ? በቀኝ አልችልም። ቤቴን የምከፍተው በግራ ነው።

ክዳን መክፈት ይችላሉ? አልችልም። ጎረቤቴ ትከፍትልኛለች፤ ጠበቅ አድርጋ እንዳትዘጋው ነግሬያታለሁ።

መጻፍ ይችላሉ? እያየኸው ነው።

ሕመም አለዎት? አለኝ። ጠዋት ስነሣ ይብሳል። ዳሌዬንም ያመኛል፣ አጥንቱን የወሰድክበትን ቦታ። በቅጽህ ላይ ስለ ዳሌ የሚጠይቅ የለም፣ ጨምርበት።

ወደ ሥራዎ ተመልሰዋል? ጥረዛ ቤቱ ውስጥ ነኝ፣ ሥራዬ ላይ አይደለሁም። መስኮቱ ሥር አዲሷ ሠራተኛ ተቀምጣለች። አሰፋፉን ያሳየኋት እኔ ነኝ፤ ከኔ የተሻለ ትሰፋለች ብል ግን ውሸት ነው። እኔ ከበሩ አጠገብ ወረቀት እቆጥራለሁ። አለቃዬ አላባረረኝም። ሊያናግረኝ ሲመጣ ዓይኑ ቀድሞ ከእጄ ላይ ያርፋል፣ ያን ጊዜ ቆዳውን እንዳየው ነው የሚያየው።

በውጤቱ ረክተዋል? አልረካሁም።

በአጠቃላይ እንዴት ነዎት? ይህን ዘልዬዋለሁ። ኋላ እመጣበታለሁ።

የመጨረሻው፣ በዚሁ ሐኪም እጅ እንደገና ለመታከም ይመርጣሉ? አልመርጥም። እንደ እህት ብመልስ ሌላ እልህ ነበር፣ እንደ በሽተኛ መልሺ ያልከኝ አንተ ነህ። ያን ቀን ቀዶ ጥገና ክፍል የገባው ሐኪም አልነበረም፣ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ነበር። ያስገባሁህ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይንካኝ ያልኩት እኔ፣ ጉድጓዷ አላመመችኝም ያልኩት እኔ። ስለዚህ ጥፋቱን ብቻህን ተሸክመህ እንዳትዞር፣ ግማሹ የኔ ነው። መልሱ ግን አይለወጥም። መስመሩን ሙላው፣ ከነቁጥሩ አንብበው።

ካነበብክ በኋላ እመጣለሁ። አለቃህ ያሉትን አሁን ያድርጉልኝ፣ ያቺን የሞተች አጥንት ያውጡልኝ። ጊዜው ያለፈበት ከሆነም እሳቸው ራሳቸው ይንገሩኝ። አንተ ግን አትግባ። ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ጠብቀኝ። ሐኪም ብዙ አለ፣ ስወጣ የሚጠብቀኝ ወንድም ግን አንድ ነው ያለኝ።

አሁን ወደ ዘለልኩት ጥያቄ ልመለስ። እኔ ደህና አይደለሁም። አንተስ?

እህትህ